ታሪክ ያለበት ቤት ይሸጣል

እንግሊዝ አገር ሰው ሲያረጅ ጡረታ ይወጣል፣ መኪና ሲያረጅ ይፈታታል፣ ቤት ሲያረጅ ግን ዋጋው ይወጣል። አዲስ አበባ ቢሆን እኛ ልንገዛው ያየነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ቤት ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ዶዘሩን ይጠብቅ ነበር። እዚህ ሰባት መቶ ሺህ ፓውንድ ይጠየቅበታል።

«በታሪካዊ የገበያ ከተማ የሚገኝ፣ ውበቱን የጠበቀ፣ የቪክቶሪያ ዘመን የቤተሰብ ቤት» ይላል ማስታወቂያው። ይህን ያነበበ እንግሊዛዊ ልቡ ይመታል። ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካሬው ስንት ነው?» ነው። ካሬው ከማስታወቂያው አናት ላይ አይገኝም። እዚህ ቤት የሚቆጠረው በመኝታ ክፍል ነው፤ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት እየተባለ። አራተኛው መኝታ ውስጥ የሕፃን አልጋ ከገባ በኋላ ሕፃኑን ከበሩ ላይ መወርወር ግድ ይላል፤ ቢሆንም መኝታ ነው፣ ተቆጥሯል።

የእኛ አገር ደላላ ሲዋሽ ያስታውቃል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ «ካናዳ ያለ ሰው በስልክ እየለመነኝ ነው» ይላል፣ በእናቱ ይምላል። የእንግሊዙ አይዋሽም፤ ገዢን ማሳሳት በሕግ ያስጠይቀዋል። ስለዚህ ያመሰግናል። የቤቱን ጉድለት አንድም ሳይደብቅ፣ ሁሉንም በየተራ ያመሰግናል። መስኮቱ በነፋስ ከተንቀጫቀጨ «ኦሪጅናል ነው»። ወለሉ ወደ ጓሮ ካዘነበለ «ባሕርይ ያለው ቤት ነው»። ኩሽናውን ለአርባ ዓመት ማንም ካልነካው «ገዢው የራሱን ሐሳብ እንዲያኖርበት ዕድል ይሰጣል»። ሰሙ ለሻጭ፣ ወርቁ ለገዢ። ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው እዚህ አገር ቤት ባይገዛ ይሻለዋል።

ከተማዋ ሳፍሮን ዋልደን ትባላለች፤ ኤሴክስ ውስጥ፣ ከኬምብሪጅ ብዙም ሳትርቅ። ገበያዋ ከ1141 ጀምሮ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)፤ ላሊበላ ዘውድ ሳይጭን ማለት ነው። ጄፍሪ ደ ማንደቪል የሚባል ባላባት ከጎረቤት ከኒውፖርት ገበያውን አንስቶ ወደ ራሱ ግዛት አመጣው። የኒውፖርት ሰዎች ምን እንዳሉ ደላላው አልነገረንም። ዛሬም ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። ስሟን ያገኘችው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በሰፊው ይመረትባት ከነበረው፣ ሳፍሮን ከሚባለው ውድ ቅመም ነው። ከደሴ መጥተው ከእኛ ጋር ያሉት አማቴ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ቅመም ከአገር ቤት ማስላክ ቀረልና!» ብለው ተነሡ። እርሻው ጠፍቶ ስሙ ብቻ እንደቀረ የተረዱት አይብና ዳቦ በተደረደረበት የገበያ አደባባይ ላይ ቆመው ነው።

«ለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል» የሚለውም እውነት ነው። ባቡሩ ግን ሳፍሮን ዋልደን አይደርስም፤ ከተማዋ ድረስ ይገባ የነበረው መስመር በ1964 ለመንገደኛ ተዘግቷል። ጣቢያው ኦድሊ ኤንድ ነው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ። አንድ ሰዓቱ የባቡሩ ነው፤ የተሳፋሪው አይደለም።

ቤቱን ልናይ የገባነው ባለቤቴ፣ አማቴና እኔ ነን። ደላላው ክራቫት ያሰረ ትሑት ልጅ ነው። በቅድሚያ ያሳየን ወደ ውጭ ገፋ ብሎ የተሠራውን ሰፊውን የሳሎን መስኮት ነው። እንግሊዝ ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ብዛት ግብር ታስከፍል ነበር፤ ግብሩን የፈራ ሰው መስኮቱን በጡብ ይደፍን ነበር። ግብሩ ሲነሣ ሕዝቡ መስኮቱን አሰፋ፣ ከመስኮቱ ጋር ብርዱን አስገባ።

ሳሎኑን አማቴ ወዲያው ወደዱት። ቪክቶሪያውያን የቤቱን ምርጥ ክፍል ለእንግዳ ብቻ ይጠብቁት ነበር፤ ቤተሰቡ የሚኖረው ከኋላ፣ ጠባቡ ውስጥ ነው። «እኛው ናቸው እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደሴ ያለው የራሳቸው ሳሎን ሶፋው ላስቲኩ ሳይወልቅ ልጆቹ አድገው ተድረዋል።

ኩሽናው ደግሞ የቤቱ ጭራ ላይ ነው፤ የምግብ ሽታ እንግዳው ጋ እንዳይደርስ ተብሎ። አማቴ እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። «ቁሌት ሳይሠሩ እንዴት ይህን አሰቡ?» ኩሽናው ውስጥ፣ ግድግዳው አናት ላይ የቤት ሠራተኛ መጥሪያ ትንንሽ ደወሎች ተደርድረዋል። ደላላው እንደ ቅርስ እያሳየ አደነቃቸው።

«አሁን ቢደወል ማን ይመጣል?» አሉ አማቴ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች።

ግድግዳው ድፍን ጡብ ነው፤ የዛሬ ቤቶች በሁለት ግድግዳ መካከል የሚተዉት ክፍተት የለውም፤ ሙቀቱ እየተሰናበተ ይወጣል። ለሽያጭ የሚቀርብ ቤት በአብዛኛው የኃይል አጠቃቀም ውጤቱን ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ማሳየት አለበት። ይህኛው «ኢ» አምጥቷል። ትምህርት ቤት ቢሆን ወላጅ ያስጠራ ነበር። ዛፉ ብቻ ነው የሚሞቀው፤ ጓሮው በቅርስ ጥበቃ ክልል ውስጥ ስለሆነ ዛፉን ለመከርከም ለማዘጋጃ ቤቱ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለሰውዬው እንዲህ የሚጨነቅ የለም።

የዚህን ዘመን ቤት ብርድ ከእኛ በፊት ከቀመሱት የአገራችን ሰዎች አንዱ ጃንሆይ ናቸው። በስደታቸው ጊዜ፣ በ1936፣ ባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሃውስን ገዝተው ከቤተሰባቸው ጋር ኖሩበት። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን እንዲውል ለከተማው ሰጡ። እንደ ደግነት ነው የሚነገረው፤ ነውም። እኔ ግን የሽያጩን ጣጣ አይተውት ይሆናል ባይ ነኝ።

ጣጣው እንዲህ ነው። ዋጋ ሰጠን፣ ሻጩ ተቀበለ፣ ደላላው «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። አማቴ «ቀብዱስ?» አሉ። የለም። «ምስክርስ?» የለም። እንግሊዝ ውስጥ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ እሺታው እሺታ ነው እንጂ አያስርም፤ አንዱ በማግስቱ ጨምሮ ቢመጣ ሻጩ ለእሱ መስጠት ይችላል። ዌልስም እንዲሁ ናት። «ፈረንጅ ቃሉ አንድ ነው» ብሎ ያሳደገን ትውልድ ይህን አልሰማም።

እስከዚያው ሰንሰለት አለ። የእኛ ሻጭ የሚገዛው ቤት ባለቤት ሌላ ቤት ይጠብቃል፣ ያኛው ደግሞ የሌላ። አንዲት ምስኪን የሆነ ቦታ ላይ ሐሳቧን ከቀየረች ሁላችንም እንወድቃለን። የቴምብር ቀረጡን ሳናነሣ ነው፤ በሰባት መቶ ሺህ ፓውንድ ቤት ላይ ከ2025 ሚያዝያ ወዲህ ባለው ተመን 25,000 ፓውንድ ይመጣል። አማቴ ቴምብር ሲባል የሚያውቁት ፖስታ ላይ የሚለጠፈውን ነው።

የቤቱን ውል የያዘው ጠበቃ ለደብዳቤ መልስ አይሰጥም። ይህም ከዘመኑ የተረፈ ኦሪጅናል ነገር መሰለኝ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ፋይል ውስጥ ተቀበረ፤ መልስ ሲጠፋ ንጉሡ ቆንስሉን አሰሩ። እኔ የማስረው ቆንስል የለኝም። ኢሜይሉን ደግሜ ላክሁ፣ ከላይ «ከአክብሮት ጋር» ጨመርሁበት።

በዚህ መሐል ሌላ ገዢ ጨምሮ ወሰደው። ደላላው ደውሎ በጣም እንዳዘነ ነገረን፤ ድምፁ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ይመስል ነበር። ወዲያው ደግሞ ነቃ ብሎ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ከቪክቶሪያ በፊት የተሠራ፣ ከዚህኛውም የበለጠ ታሪክ ያለው ቤት ገና ለገበያ ሳይወጣ በእጁ እንዳለ አንሾካሾከልኝ። ባለቤቴ ቅዳሜን አስያዘች። እኔ ለአማቴ ታሪኩን ሳስረዳ እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

«ታሪኩን ተወው ልጄ፤ ጣሪያ አለው ወይ በልልኝ።»