በመንገድ ዳርና በጭነት መኪና ላይ የተጻፈው ለማን ነው?

ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ በዋሽንግተን ዙሪያ በመኪና ሲሄድ ቶሎ የሚጠይቀው ስለ መንገዶቹ ቁጥር ነው። 95፣ 66፣ 495፣ 395 በዕጣ የወጡ ይመስላሉ፤ ግን ሥርዓት አላቸው። ኢንተርስቴት ከሚባሉት ዋና ዋናዎቹ አውራ ጎዳናዎች ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው። ቁጥሩ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን እያደገ ስለሚሄድ 5 በፓሲፊክ በኩል፣ 95 በአትላንቲክ በኩል ይገኛል። ባለ ሦስት አሃዙን እንደ እኛ ስም ማንበብ ይቻላል፦ የመጀመሪያው አሃዝ የራሱ ስም፣ የቀሩት ሁለቱ የአባቱ። የራሱ ስም ሙሉ ቁጥር ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ከሌላ ኢንተርስቴት ጋር ይገናኛል፣ ብዙ ጊዜም ከተማ ይዞራል፤ ጎዶሎ ከሆነ ወደ ከተማ ገብቶ ያበቃል። 495 ዋሽንግተንን ይዞራል፣ 395 መሀል ከተማ ገብቶ ያልቃል፤ የሁለቱም አባት 95 ነው።

የመውጫ ቁጥር ከ27 ወደ 30 ቢዘልም የጠፋ መውጫ የለም። በአብዛኞቹ ግዛቶች የመውጫው ቁጥር የማይሉ ቁጥር ነው፤ 27 ላይ ያለ ሰው ለ30 ሦስት ማይል ያህል ይቀረዋል። ከትልቁ ምልክት አናት ያለችው ትንሽ ሰሌዳ በግራ ጥግ ከተሰቀለች መውጫው በግራ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ቀኙን ይዞ የሚሄድ ሰው መጨረሻ ላይ አራት መስመር ለማቋረጥ ይገደዳል።

ይሄ ሁሉ ለመንገደኛ ምቾት ነው። የጭነት መኪናው ላይ ያለው ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

አገር ቤት የጭነት መኪና በር ላይ የባለቤቱ ስምና የመጫን አቅሙ በኩንታል ይጻፋል፤ ግንባሩና ጀርባው ላይ ደግሞ የቅዱሳን ሥዕል፣ ጸሎት ወይም ምስጋና ይኖራል። ሾፌሩን በረጅም ጉዞ የሚያጽናና ነገር ስለሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የጎደለው ሌላ ነው፦ ከኋላ ለሚመጣ መኪና፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ በጨለማ ለሚያቋርጥ እግረኛ የተጻፈ ነገር። አሜሪካ ውስጥ ከግዛት ግዛት የሚጭን መኪና በሁለቱም ጎን የድርጅቱን ስምና የፌዴራል መለያ ቁጥሩን መጻፍ አለበት፤ ጽሑፉም በቀን ብርሃን ከ50 ጫማ፣ ማለትም ከ15 ሜትር ያህል መነበብ አለበት። ያን ቁጥር ይዞ የድርጅቱን የፍተሻና የአደጋ ታሪክ ማንም ሰው ማየት ይችላል።

ቀይና ነጭ እየተፈራረቀ በተሳቢ ወገብ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ለጌጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከታኅሣሥ 1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተሠሩ ትላልቅ ተሳቢዎች ግዴታ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከጎን የተሳቢውን ርዝመት ቢያንስ ግማሹን መሸፈን አለበት፤ ከኋላ ወርዱን ሙሉ ይይዛል። የላይኞቹ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ነጭ ቁራጭ ይለጠፋል፣ ቁመቱና ወርዱ በጨለማ እንዲለይ። ቴፑ ውስጥ ጥቃቅን ፕሪዝሞች አሉ፤ የመጣውን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ቀይና ነጭ ቀለም ቀብቶ ተመሳሳይ ማስመሰል ግን አይሠራም፣ ቀለም ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። መለየት ለሚፈልግ፦ ማታ ከመኪናው 30 እርምጃ ርቆ የስልኩን ባትሪ ከዓይኑ አጠገብ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ አስጠግቶ ያብራ። ትክክለኛው ቴፕ እንደ ፋኖስ ቦግ ይላል፤ ስልኩን ክንዱን ዘርግቶ ወደ ጎን ሲያርቀው ይደበዝዛል። ዘይት በነካው ወይም በዛገ ላሜራ ላይ የተለጠፈ ቴፕ በአንድ ክረምት ይላጣል፤ ቦታውን በአልኮል ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ቴፑን ሳይለጥጡ መጫን፣ ብሎን ወይም ሪቬት ያለበት ጋ መቁረጥ ነው። አቧራ ከሸፈነው ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል፤ በአዋሽ፣ ሚሌና ጋላፊ መስመር የሚሄድ ተሳቢ ረዳቱ መስታወት ሲጠርግ ቴፑንም በእርጥብ ጨርቅ ቢያብስ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

ቦቴ ላይ ያለውን ቁጥር ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። 1203 ቤንዚን፣ 1202 ናፍጣ፣ 1223 ነጭ ጋዝ ነው፤ አሜሪካ ናፍጣን ብዙውን ጊዜ 1993 ብላ ትጽፈዋለች። አሜሪካ ቁጥሩን ቀይ አልማዝ ቅርጽ ውስጥ ስታስገባ አውሮፓ ብርቱካናማ ሰሌዳ ላይ ከሌላ ቁጥር በታች ታደርገዋለች፤ ላይ 33 ካለ በጣም ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው፣ ከፊቱ ኤክስ ካለበት ደግሞ ዕቃው ከውሃ ጋር ክፉኛ ይጋጫል። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሾፌሩ ራሱን ቢስት እንኳ ከሩቅ አንብቦ አረፋ ይዞ ይቀርባል፤ በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ ቢረጭ ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። ቤንዚንና ናፍጣ በተለያየ ክፍል የጫነ ቦቴ 1203 ብቻ ቢለጥፍ አሜሪካ ውስጥ ይፈቀድለታል፣ አደገኛው እሱ ስለሆነ። የተራገፈ ቦቴም ከውስጡ ትነቱ እስኪጸዳ ድረስ ምልክቱን አያነሳም፤ የሚነደው ትነቱ ነውና። ቦቴ ሲገለበጥ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠው ሕዝብ ይህን ቢያውቅ ኖሮ በጣም ብዙ ነፍስ በተረፈ ነበር። እዚያ ሰዓት ሲጋራ ብቻ አይደለም የሚያቀጣጥለው፣ የሞተር ሙቀትና የባትሪ ሽቦ ብልጭታም ይበቃል።

የቁልቁለት ምልክትም ልዩነት አለው። አሜሪካ ተራራማ መንገድ ላይ ከመቶኛው በታች ርዝመቱም ይጻፋል፦ 6 በመቶ፣ 5 ማይል። 6 በመቶ ማለት በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር መውረድ ነው፤ በ8 ኪሎ ሜትር ወደ 480 ሜትር ይሆናል። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ ርዝመቱን ካወቀ መውረድ ሳይጀምር ማርሹን ይቀንሳል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ «አደገኛ ቁልቁለት» ብቻ የሚል ምልክት ግማሽ መልእክት ነው። ፍሬን ላይ ያለማቋረጥ የቆመ ሾፌር ሸራውን ያግለዋል፣ የጋለ ሸራ መያዝ ያቆማል፤ ያኔ ማርሽ ልቀንስ ቢል አይገባለትም።

የተበላሸ የጭነት መኪና አሜሪካ በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ያስቀምጣል። ሁለት አቅጣጫ ባለው መንገድ አንዱ ከመኪናው 3 ሜትር፣ ሌላው 30 ሜትር ከኋላ፣ ሦስተኛው 30 ሜትር ከፊት። አንድ አቅጣጫ ብቻ በሆነ መንገድ ሦስቱም ከኋላ፣ 3፣ 30 እና 60 ሜትር ላይ። ኩርባ ወይም ጉብታ ከከለለው እስከ 150 ሜትር ይርቃል። የሚያስቀምጠው ሰው ሲሄድ ሦስት ማዕዘኑን ከራሱና ከሚመጣው መኪና መሀል ይዞት ነው።

አገር ቤት በዚህ ፈንታ ቅርንጫፍ ተቆርጦ አስፋልት ላይ ይጣላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ቀን ቀን ይሠራልም። ማታ ግን ቅጠል ብርሃን አይመልስም፣ ሜዳው ላይ ዛፍ የሌለበት አገርም አለ። ከዚህ የከፋው ጎማ ስር የሚደረገው ድንጋይ ነው፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፣ ሌሊት ባጃጅና ሞተር ሳይክል ያገኘዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ተኩል ገመድ፣ የገመዱ ሌላ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ተቋጥሮ። ረዳቱ ቸኩሎ ቢረሳው እንኳ ታኮው መኪናውን ተከትሎ ይሄዳል።