ለመጨረሻው ገጽ የቀረበ ምስጋና

የሕፃናት ተረት መጻሕፍት አሳታሚዎች ለትውልዱ ከዋሉት ውለታ ሁሉ የሚልቀው፣ በመጽሐፉ መጨረሻ «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» ብለው ጠይቀው መልሱንም እዚያው ራሳቸው ማስቀመጣቸው ነው። የስድስት ዓመት ሕፃን አንበሳው ከወጥመድ እንዴት እንደወጣ ሲያሰላስል ጊዜውን እንዳያባክን፣ ይባስ ብሎም «አይጧ ገመዱን ስትቀረጥፍ ጥርሷን አላመማትም?» የሚል ከትምህርቱ ውጭ የሆነ ጥያቄ እንዳያነሣ፣ «ትንሽ ነው ብለን ማንንም መናቅ የለብንም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በወፍራም ፊደል ተጽፎና በሣጥን ታጥሮ ይጠብቀዋል።

ቀድሞ ነገሩ ልቅ ነበር። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው፣ «የላም በረት» አስብለው፣ ጦጣ አያ ጅቦን አታልላ ስታመልጥ በሳቅ ካፈረሱን በኋላ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ያበቁ ነበር። የጦጣዋ ሥራ ብልጠት ይሁን ኃጢአት ሳይነግሩን አስተኙን። የጥንቱ ግሪካዊ ተረት ተራኪ ኤዞፕም ቢሆን ከዚህ ግዴለሽነት የዳነው፣ ከእሱ በኋላ የተነሡ ሰብሳቢዎች በየተረቱ ጫፍ ምክር ስለጨመሩለት ነው።

የዛሬዎቹ ደራሲዎች ጥንቃቄ ግን ከስም አወጣጥ ይጀምራል። ጎበዙ ልጅ «ትጉ»፣ ሰነፉ «ሃኬት» ይባላል፤ ስለዚህ ማን እንደሚቀጣ ለማወቅ ሽፋኑን ማንበብ ይበቃል። ሃኬት በገጽ 3 የእናቱን ቃል አልሰማም ብሎ ዛፍ ይወጣል፣ በገጽ 4 ይወድቃል፣ በገጽ 5 እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ትጉ በበኩሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደብተሩን ታቅፎ ቆሟል (በዚህ ሁሉ ገጽ አንዴ እንኳ አለመጫወቱ፣ አለመራቡም ጭምር፣ ሊደነቅለት ይገባል)።

እኛ ወላጆችም ለዚህ ጥበብ አላነስንም። መጽሐፍ ሻጩ ፊት ቆመን መጽሐፉን ከኋላው እንገልጣለን፤ ሣጥኑ ካለ እንገዛለን፣ ከሌለ «ይሄ ምንም አያስተምርም» ብለን እንመልሳለን።

እንግዲህ የወረቀት ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ፣ ታሪኩ ጨርሶ ቀርቶ ሣጥኑ ብቻ ቢታተም፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ሥነ ምግባር በአንድ ቅጠል ወረቀት ይጠቃለል ነበር። ሥዕሉን ግን አደራ እንዳትነኩት፤ ልጆቹ መጽሐፉን የሚከፍቱት ለአንበሳው መነጽር ለመሳል ነው።