ወይ ጥመቀው ወይ ጣለው

ቢራ እቤቴ መጥመቅ ከጀመርኩ ወዲህ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከልብስ ፌስታል በልጧል። ሁሉም በላስቲክ ታስሯል፤ ሁሉም ውስጥ ለቀለምና ለጣዕም ጣል ከሚደረገው ብቅል አንድ ሁለት እፍኝ ተርፏል። ካራሜል፣ ቸኮሌት፣ በጭስ የደረቀ፣ ጽሑፉ የጠፋ።

«ወይ ጥመቀው ወይ ጣለው» አለች ባለቤቴ፣ ከሹራቧ ኪስ ብቅል እየዘገነች።

መጣልማ አይታሰብም፤ ገንዘብ ወጥቶበታል። ይበላሽልኝና ልገላገል እንዳልል፣ ያልተፈጨ ብቅል ደረቅ ቦታ ካገኘ ዓመት ይቆያል። እናም ቅዳሜ ጠዋት ቆጠራ ገባሁ። ጽሑፉ ለጠፋበት ያለኝ መሣሪያ ጥርሴ ነው። ዋናው ብቅል፣ የቢራው አብዛኛው የሚሠራበት ማለቴ ነው፣ ሲነከስ ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው። ይቺ ግን እንደ መስታወት ቀጭ ብላ ተሰበረችና ጣፈጠችኝ፤ ካራሜል ናት። የሚቀጥለው ምላሴ ላይ አመድ ትቶ ሄደ። እሱን እንኳ መንከስ አያስፈልግም ነበር፤ መልኩ ከሰል ነው።

ይህን ጥቁር ብቅል ያመጣብን ዳንኤል ዊለር የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ብቅል በሚሽከረከር በርሜል የሚቆላበትን ዘዴ ፓተንት አወጣበት። ጥበቡ ያለው ጥቂቷ ብዙ ቢራ ማጥቆሯ ላይ ነው። ለ20 ሊትር 100 ግራም ከበቂም በላይ ነው። የገዛሁት እሽግ ግን ግማሽ ኪሎ! ዊለር ነፍሱን ይማረውና ይህን አላሰበበትም።

ሲመዘን ሁሉም ተደምሮ 700 ግራም ሆነ። ይሄ ብቻውን ቢራ አይወጣውም፤ የተቆላ ብቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡለት ኢንዛይሞች እሳት ላይ ቀርተዋል። ስለዚህ 4 ኪሎ ዋና ብቅል ያስፈልጋል። ሻጩ ያለው ባለ 5 ኪሎ ነው። «ትንሽ ሙኒክ የሚባለው ብቅል ካልገባበት አካል አይኖረውም፤ አፍ ላይ ይቀጥናል» ብሎም መከረኝ፤ 150 ግራም ለሚበቃኝ ነገር ግማሽ ኪሎ አሸከመኝ። ማታ ሒሳቡን ብሠራው፣ 700 ግራም ላጠፋ ወጥቼ 1,350 ግራም አዲስ ትርፍ ይዤ ገብቻለሁ።

በንዴት ጥቁሩንም ሳልመዝን ገለበጥኩት።

ከወር በኋላ አንድ የጠመቃ ወዳጄን ጋበዝኩት። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሳው፤ ብርሃን አላለፈም። ቀመሰ፣ ዋጠ፣ ትንሽ ዝም አለ።

«ቡናው ጥሩ ነው» አለኝ። «ቢራው መቼ ይደርሳል?»

ሲወጣ ግን ባዶ እጄን አልመጣሁም ብሎ ከቦርሳው በላስቲክ የታሰረ ፌስታል አወጣ። «ከእኔ የተረፈች ናት፤ አንተ ታውቅበታለህ።» አመስግኜ ተቀበልኩት። በር ዘግቼ ሳየው፣ ፌስታሉ ላይ ያለው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው።