ልጆቹ ምክንያት አቀረቡ እንጂ አፍ አላወጡም

ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት። ስለ ክፍያ፣ ስለ ዩኒፎርምና ስለ አርፋጆች ተወርቶ ሊያልቅ ሲል ዳይሬክተሩ ተነሥተው አንድ ውሳኔ አነበቡ። ከዚህ መንፈቅ ዓመት ጀምሮ እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ አሳማኝ ጽሑፍ አይሰጥም። የአማርኛ መምህራን ወደ ገላጭ ድርሰት እንዲመለሱ ተነግሯቸዋል። የተሰጠው ምክንያት ባለ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ልጆቹ አፍ እያወጡ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት «ልክ ናቸው፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ። ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁ፤ ሰዓት የለም ተባልኩ። እዚያ ያልተሰማልኝን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። የ5ኛ ክፍል ልጆች በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ እንዲጽፉ ታዘዙ። የመምህሯ መመሪያ አጭር ነበር። የምትፈልጉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ለምን እንደፈለጋችሁት አስረዱ። ከዚያ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ምን ብሎ እምቢ ሊላችሁ እንደሚችል አስቡና መልሱለት። የልጄ ቡድን ስለ ውኃ ጻፈ። ደብዳቤው እጄ ላይ አለ። ከደብተር መሐል የተገነጠለ ወረቀት ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። እንዲህ ይላል፦

«ግቢያችን ውስጥ አራት ቧንቧ አለ። የሚሠራው ሁለቱ ነው። ዕረፍታችን 15 ደቂቃ ነው። ለሦስት ቀን ቆመን ቆጠርን። ደወል ሲደወል ሳይጠጡ ወደ ክፍል የተመለሱት ሰኞ 31፣ ማክሰኞ 27፣ ረቡዕ 34 ልጆች ናቸው። እየተራጫችሁ ውኃ ታባክናላችሁ ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ እንራጫለን። የሚራጩት ግን ከፊት ያሉት ናቸው። ከኋላ ያለነው ውኃ አይደርሰንም።»

አፍ አወጡ የተባሉት እነዚህ ናቸው።

እስቲ ይህን «አፍ ማውጣት» የሚባል ነገር በደንብ እንየው። ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን ሲናገር አፉን ፈታ ብለን ለጎረቤት እናወራለን። ቋንቋውንም አፍ የፈታበት ቋንቋ እንለዋለን። ያው ልጅ በፈታው አፍ «ለምን?» ያለ ቀን ግን አፍ አወጣ ተብሎ ይገሠጻል። አፍ ማውጣት ማለት ታላቅን መሳደብ፣ ማመናጨቅ፣ ሲናገሩት ማቋረጥ ነው። ይህን የሚያደርግ ልጅ ይቀጣ፣ እኔም ቤቴ እቀጣለሁ። ግን ደብዳቤው ውስጥ ስድቡ የቱ ጋ ነው? ልጆቹ ጥፋታቸውን ሳይጠየቁ አምነዋል። «እውነት ነው፣ እንራጫለን።» በእኔ ዕድሜ ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ከአዋቂ አፍ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ስንቴ ሰማሁ? በጣት የሚቆጠር ነው።

ብዙ ሰው የሳተው እዚህ ላይ ነው። አሳማኝ ጽሑፍ ማለት የሚመስላቸው ልጅን ለጭቅጭቅ ማሠልጠን ነው። የድርሰት ዓይነቶችን ስንማር ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የተሰጠውን ስም አስታውሱ፤ ተራኪ፣ ገላጭ፣ አመዛዛኝ እየተባልን ነው የተማርነው። አመዛዛኝ! ሚዛን ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሚዛን ደግሞ ሁለት ሳህን አለው። ልጁ የራሱን ፍላጎት አንዱ ላይ አስቀምጦ የሌላውን ሰው ሐሳብ ሌላኛው ላይ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ሥራው ሁሉ ያለው የመምህሯ የመጨረሻ መመሪያ ላይ ነው። የሚያነበው ሰው ምን ይላል? ይህን ለመመለስ የ11 ዓመት ልጅ ለአንድ አፍታ የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ መቀመጥ አለባት። በጀቱን፣ የውኃ ሒሳቡን፣ የጽዳት ሠራተኞቹን ድካም ማሰብ አለባት። ለሰው ከዚህ የበለጠ ክብር መስጠት እኔ አላውቅም።

ይህ ያልተማረ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ያለቅሳል፣ ያኮርፋል፣ ይለማመጣል፣ አድጎ ደግሞ ይደባደባል። ልጄ አክስቷ ቤት ማደር በፈለገች ቁጥር ለሁለት ቀን ታኮርፍ ነበር። ባለፈው ወር ግን ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እማዬ፣ ነገ ትምህርት አለ ልትዪኝ ነው። ቦርሳዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ከአክስቴ ቤት ትምህርት ቤቱ ይቀርባል» አለችኝ። ሽንኩርቱን ትቼ አየኋት። አልፈቀድኩላትም፤ አክስቷ አሟት ነበር። ምክንያቴን ነገርኳት፣ «እሺ» ብላ ሄደች። አላኮረፈችም። ስምንት ዓመት ሙሉ በቁጣ ማምጣት ያልቻልኩትን ነገር አንዲት የአማርኛ መምህርት በአንድ መንፈቅ ዓመት አመጣችልኝ። አሁን ይህን ነው ያቆሙት።

ከባህላችን ውጭ ነው የሚሉም አሉ። በዚያው ስብሰባ ላይ «ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው» ያሉ እናት ነበሩ። እኔን እንደዚህ የሚያናድደኝ ነገር የለም። በልሃ ልበልሃ የማን ነው? ባላጋራዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ሕዝቡ ከቦ እያዳመጠ፣ ዳኛው መሐል ሆኖ በቃል ሲሟገቱ የኖሩት እዚህ አገር ነው። «ተጠየቅ!» ያለ ሰው ባላጋራው እስኪመልስ መጠበቅ ነበረበት። የዳኞች ሁሉ የበላይ የሆነው ሹመት መጠሪያው አፈ ንጉሥ ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስቴር የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብሎ የተረተ ሕዝብ ልጅ ለውኃ ቧንቧ ሲናገር ይደነግጣል?

ልጆቹም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። እንካ ስላንትያ የሚጫወት ልጅ ጓደኛው ለወረወረለት ቃል እዚያው ቤት የሚመታ መልስ ያዘጋጃል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ይዞ መድገም አይበቃውም፣ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ያርሙታል። ዕድሜውን ጠይቀው «አንተ ገና ነህ፣ ሌላው የቆጠረውን ገልብጥ» አይሉትም። ገልብጥ ያለው የእኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው። ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት። «ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር አላት። ላም ወተት ትሰጠናለች።» እኔ ይህን ጽፌአለሁ፣ ታናናሾቼ ጽፈውታል፣ አሁን የልጄ ክፍል ወደዚሁ እንዲመለስ ታዟል። ገላጭ ድርሰትን አልጠላም። ግን ላም አራት እግር እንዳላት ማን ተከራክሮ ያውቃል? ልጁ ማንም ለማይጠራጠረው ነገር ለምን ይጨነቃል?

ከተነሡት ሐሳቦች ውስጥ ትንሽ ክብደት ያለው አንድ ነው። «መጀመሪያ ማንበብ ይቻሉ፣ መከራከሩ ይደርሳል» የሚለው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የ12ኛ ክፍሉንም ውጤት ሁላችንም አይተናል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። ይህን የሚሉት ሰዎች እነዚህን ቁጥሮች እንደ መዶሻ ነው የሚያነሷቸው። እኔም አነሣቸዋለሁ። እነዚህ ልጆች 12 ዓመት ሙሉ ምን ሲማሩ ነው የወደቁት? አሳማኝ ጽሑፍ ሲጽፉ ነው? ሲገለብጡ ነው! መልስ ከሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሲመርጡ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ራሱ ምርጫ ስለሆነ አንድ ልጅ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሄዶ አንዲት የራሱ አንቀጽ ሳትመዘንበት ሊወጣ ይችላል። የከሸፈውን መንገድ መክሸፉን ማስረጃ አድርገን በዚያው እንቀጥል ይሉናል።

ደግሞስ ልጅ የሚያነበው መቼ ነው? ሲፈልገው ነው። የልጄ ቡድን ያን ደብዳቤ ለመጻፍ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የተማሪዎች ደንብ ሄዶ አንብቦታል። ክፍለ ጊዜ መሐል ውኃ ለመጠጣት መውጣት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን እየፈለጉ ነበር። ያ ወረቀት ስንት ዓመት እዚያ ተሰቅሏል። ማን አንብቦት ያውቃል?

የክፍሉ ብዛት የሚያስጨንቃቸው መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። 60 ደብተር ማረም ቀልድ አይደለም። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ልጅ አራት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። አንዱ ዋናውን ሐሳብ የሚናገር ኃይለ ቃል ይሁን፣ ሁለቱ ምክንያት፣ አንዱ ለተቃዋሚው መልስ። በሳምንት የአንዱ ረድፍ ይታረም፣ ሌሎቹ እርስ በርስ ይነባበቡ። ማንበቡም እዚያው ውስጥ አለ። በኦሮምኛ ለሚማረው በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ለሚማረው በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ለሚማረው በሲዳምኛ ይሁን። አፉን በፈታበት ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ልጅ በሌላውም አይቸግረውም።

ይደርሳል የሚሉት መቼ ነው የሚደርሰው? በአዲሱ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ 6ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። እስከዚያ አይሰጥም ማለት አንደኛ ደረጃውን በሙሉ ሳያዩት ያልፋሉ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላው ሁሉ እነሱን ያሳምናል። ቴሌቪዥን በከፈቱ ቁጥር ብስኩቱና ለስላሳው ይለምናቸዋል። ቲክቶክ ላይ የማያውቁት ሰው እየጮኸ ማንን መጥላት እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ልጆቹን የሚያሳምን ሞልቷል። «ምክንያትህ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቅ የሚማሩበት ክፍለ ጊዜ ግን ተሰረዘ።

እኛን እዩን። ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው ሐሳቡን ሲጽፍ ከሥር የምንጽፈውን አስተያየት አንብቡ። ስለ ጻፈው ነገር ከመናገራችን በፊት ዘሩን እንጠይቃለን። ከየት መጣህ፣ ማን ከፈለህ፣ አንተ ማነህ። ስለ መንገድ ተጽፎ፣ ስለ ዳቦ ዋጋ ተጽፎ መልሳችን ስድብ ነው። እኛ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። አደግን፤ ዛሬም ማቡካት አልቻልንም። አንድ ትውልድ በዚህ መንገድ ማለፉ ይበቃል። ሁለተኛውን እያወቅን፣ በስብሰባ ወስነን፣ ቃለ ጉባኤ ይዘን ልናሳልፈው አይገባም።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ክፍለ ጊዜው ይመለስ። መምህሯም እንደ ጥፋተኛ ቢሮ እየተጠሩ መጠየቃቸው ይቁም። ደብዳቤው ከገባ አምስት ሳምንት ሆኖታል፣ እስካሁን ለልጆቹ አንድ ሰው አልመለሰላቸውም። ይመለስላቸው። ገንዘብ የለም ከሆነ የለም ይባሉ፣ ቧንቧው በዚህ ወር አይጠገንም ከሆነም አይጠገንም ይባሉ። ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ምክንያቱ ይነገር፣ ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ተብሎ ይፈረምበት። ሳይጠጡ የተመለሱትን 31፣ 27 እና 34 ልጆች ሳያነሣ ግን አይለፍ።