ለክቡር አቶ ነጭ ድንጋይ፤ ባሉበት ቧንቧ

ጉዳዩ፦ ቤቴን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? በትምህርት ቤት ስምዎ ካልሲየም ካርቦኔት፣ በሰፈር ስምዎ የማንቆርቆሪያ ድንጋይ። እኔ የቧንቧ ሠራተኛው ነኝ። ይረሱኛል ብዬ አላስብም።

የተዋወቅነው ቀይ ባሕር ላይ ነው። ባሕር ኃይላችን ያኔ «ኢትዮጵያ» የምትባል ማሠልጠኛ መርከብ ነበረችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ የባሕር አውሮፕላኖች ስታገለግል ቆይታ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የተሰጠች። ዕጩ መኮንኖቹ ከላይ ሆነው ኮከብና ካርታ ሲማሩ እኔ ታች ሽንት ቤት ነበርኩ። መርከብ ላይ ሽንት ቤት የሚለቀቀው የባሕር ውሃ ነው። ሽንትና የባሕር ውሃ ሲገናኙ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይጋገራል። እርስዎና ዘመዶችዎ መሆናችሁ ነው። አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ስንቴ በመዶሻ ቀጠቀጥኩዎት!

የባሕር ውሃ አፍልተን ስናጣራም አይቀሩም ነበር። የጋለው ቱቦ ላይ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ስንለቅበት ብረቱ ይኮማተራል፤ እርስዎ ተሰነጣጥቀው ይረግፋሉ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ቂም ግን አልያዝኩም። ባሕሩ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው የተሸከመ ነው። ቤቱ የእርስዎ፣ እንግዳው እኔ።

መርከቧ በ1983 ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀረች፤ ኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እኔ ድሬዳዋ ገባሁ። ባሕሩ ያለበት ጅቡቲ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተገላገልኩት አልኩ። አቦ! ለካ ቀድመውኝ ገብተዋል። ተራራችን የኖራ ድንጋይ፣ የጉድጓድ ውሃችንም እሱን እያሟሟ የሚመጣ። ሲሚንቶ ፋብሪካው ድንጋዩን በስንት ማሽን ይቆፍራል፤ ለእኔ በቧንቧ ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል።

ባለፈው ሳምንት ከዚራ የሚባለው ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሻወሩ አብዷል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚሠሩት ሦስት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ ፎጣውን፣ ሦስተኛው ዓይኔን። ቧንቧውን ስቆርጠው ግማሽ ኢንች የነበረው እርሳስ አያስገባም። ቦይለሩን ስፈታው ማሞቂያው የእንቁላል ቅርፊት የለበሰ ይመስላል። ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሟሙተው፣ ተደብቀው ይመጡና ሙቀት ሲያገኙ ጋቢዎን ዘርግተው ቁጭ! የድሬ ሰው ከሙቀት ሲሸሽ እርስዎ እሱን ፍለጋ ይመጣሉ።

የእኛን ማንቆርቆሪያማ ባያነሱት። ባለቤቴ በየሳምንቱ ሎሚ ትጨምቅልዎታለች። ሲነካዎት አረፋ ይደፍቃሉ፣ ይለቃሉ፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ሎሚ ስንት እንደገባ ያውቃሉ? ለሰላጣችን ያልደረሰ ሎሚ!

ስለዚህ የምጠይቅዎት ቀላል ነው። ከተማውን ይልቀቁ አልልም፤ እንጀራዬ ነዎት። የጎረቤቶቼ ቧንቧ ውስጥ እንደፈለጉ ይኑሩ፣ ይባዙ፣ ይዋለዱ። የእኔን ቤት ብቻ ይልቀቁልኝ። ባለቤቴ «የቧንቧ ሠራተኛ አግብቼ በጣሳ እታጠባለሁ» ብላ ለሰፈሩ ማውራት ጀምራለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ
ለከዚራው ሻወር ሦስት ቀዳዳዎች