መኪናሽ ድምፅ አላት

ሊፍት የሰጡት ሰው የግድ ያመስግን አልልም። «እግዜር ይስጥልኝ» ካለ ጥሩ፣ ካላለም እዳው ገብስ ነው። ግን ገና በሩን ሳይዘጋ፣ ቀበቶውን ሳያስር፣ ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ ዘንበል አድርጎ «መኪናሽ ድምፅ አላት» የሚልን ሰው ምን ይሉታል?

ሰሞኑን አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ይህንኑ አለኝ። የሰፈራችን አቅጣጫ አንድ ነው። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳየው አንጀቴ አይችልም፤ አስገባዋለሁ።

«ትሰሚያታለሽ? ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ ትላለች።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ለምደሽው ነው።»

ይቺ «ለምደሽው ነው» ናት ደሜን ያፈላችው። ከዚያ በኋላማ ያልጮኸ ነገር የለም። መሪው ቅጭ፣ ወንበሩ ቅጭ፣ የእጅ ቦርሳዬ ሳይቀር ቅጭ። እኔ ሬዲዮኑን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ እንደገና ከፍቼ ሳዳምጥ እሱ ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ያያል። በሽታውን ለኔ አስረክቦ ተገላገለ።

ሰውዬው መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድም የለውም። ክሪክ አምጣ ቢሉት ምን ይዞ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ድምፅ ግን ይሰማል።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት እንደ ነፍሴ ነው የምወደው። ለስንቱ ነገር ይሆናል! ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው የእድሩን ሊቀመንበር ዓመታት ሙሉ ሲያብጠለጥል ኖረ። ድንኳኑ ዘገየ፣ ወንበሩ አነሰ፣ ሂሳቡ ተበላ። በመጨረሻ ሰው ታከተውና እሱኑ መረጠው። በመጀመሪያው ለቅሶ ድንኳኑ የተተከለው ሰው ከቀብር ተመልሶ ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ ነበር። እሱም ወዲያው ጥፋቱ የቀድሞው ሊቀመንበር መሆኑን አስረዳን። የመጋዘኑን ቁልፍ በወጉ አላስረከበኝም አለ።

ለመኪና ግን ይህም ተረት ያንሳል። ከበሮ የሚመታን ሰው ቢያንስ ከጎኑ ተቀምጦ «ከበሮህ ድምፅ አላት» የሚለው የለም።

የሚብሰው ደግሞ መኪናዋ መንገድ ላይ ስትቆም ነው። ኮፈን ከፍታ የቆመች ሴት አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ አዲስ አበባ ውስጥ አልተፈጠረም። መጀመሪያ የሚመጣው «ቤንዚን አላት?» ይላል። ቤንዚን የሚባል ነገር ሰምቼ የማላውቅ ይመስለዋል። ሁለተኛው ሳያይ «ባትሪ ነው» ይላል። ሦስተኛው የሁለተኛውን ሰምቶ «የምን ባትሪ፣ ካንዴላ ነው እንጂ» ይላል። አራተኛው ሎተሪ አዟሪ ነው፤ እሱ ሞተሪኖ ነው ባይ ነው። ከዚያ እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ እኔ እረሳለሁ። የምታወሰው «ባለቤትሽ የለም?» የሚል አምስተኛ ሰው ሲመጣ ነው።

አንዱማ በሙሉ ልብ «የታይሚንግ ቺንጋዋን ቀይሪ፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞብሽ ይሄዳል» አለኝ። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ቺንጋው ፒስተንና ቫልቭ ሳይጋጩ በየተራቸው እንዲሠሩ የሚያደርግ ቀበቶ ነው፤ እሱ ተበጥሶ ሁለቱ የተጋጩበት ሞተር ስንቱን ሰው ዕዳ ውስጥ ከቷል። የኔዋ ግን ቪትዝ ናት። የቪትዝ ታይሚንግ የሚዞረው በሰንሰለት ነው፤ የታይሚንግ ቺንጋ የሚባል ነገር የላትም። ይህን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቢሆንም ቀይሪው።»

ሁሉንም አልረግምም። አንድ ጊዜ አንድ የላዳ ሹፌር፣ ሽማግሌ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ መጣ። ምንም አልጠየቀም። የባትሪውን ተርሚናል በጣቱ ነካ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት አብቅሏል። ተመልሶ ከታክሲው ፔርሙስ አመጣና ትኩስ ሻዩን ቀስ አድርጎ አፈሰሰበት። በጨርቅ ጠረገው፣ አጠበቀው። «ሞክሪ» አለኝ። ተነሳች። ቁርሱን ባትሪ ላይ ደፍቶ፣ ገንዘብ አልቀበል ብሎ ሄደ። ቅድም ባትሪ ነው ያለው ሰውዬ ግን አልሄደም። «አላልኩሽም?» አለኝ።

አሁን ወደ ቴርሞስታቴ ልምጣ። ይህ የቆየ ቂም ነው፤ ባልደረባዬን አይመለከትም። ግን ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው።

መኪናዋን ሰርቪስ አስደርጌ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት አልጠፋ አለች። ይቺ መብራት ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለቷ ነው። ድሮ ከቤት ወጥቼ ዋናው አስፋልት ሳልደርስ ትጠፋ ነበር። አሁን ቢሮ ደርሼ ቁልፉን ስነቅል ነው አብራ የምትጠፋው። ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ በኩራት፣ «ቴርሞስታቱን አውጥቼልሽ ነው» አለኝ።

አውጥቼልሽ! ማን አውጣልኝ አለው?

«ለምን?»

«ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ነው። ለእኛ አገር አየር አይሆንም።»

ይህን የሚለኝ በሐምሌ ጠዋት፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ነው። ቴርሞስታት የተወሳሰበ ነገር አይደለም። ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፤ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መሀል ሲደርስ ይከፍታል። አውጥተው ከጣሉት ውኃው ከጅምሩ በራዲያተሩ ይዞራል፣ ሞተሩም በወጉ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፣ ቶሎም ያረጃል። ሊትሩ መቶ ብርን ካለፈ በቆየበት ዘመን! ጅቡቲ የሚነዳ መኪናም እኮ ቴርሞስታት አለው። ጅቡቲ ቀዝቃዛ አገር ከሆነች እኔ ዝም እላለሁ።

የአየራችን ነገር ከተነሳ እውነተኛው ጣጣ ሌላ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው። እዚህ ውኃ 100 ዲግሪን አይጠብቅም፤ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው። ያ ክዳን ሲላላ ግን መካሪ የለም፤ ሁሉም «ውኃ ጨምሪበት» ብቻ ነው የሚለው። አየሩም ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን እዚሁ ያጣል። ስለዚህ ቪትዜ ሽሮ ሜዳን ሽቅብ ስትወጣ ብታቃስት «ኢንጀክተር አሳጥቢ» አትበሉኝ። እንጦጦን ዝቅ አድርጉልኝ።

ይህን ሁሉ ለመካኒኩ ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ስጨርስ «ባለቤትሽ ይደውልልኝ» አለ። የወጣችውን ቴርሞስታት ስጠኝ ብለው የት እንደገባች አያውቅም።

ምክር ሁሉ እንዲህ አናዶ ቢቀር ጥሩ ነበር። አጎቴ አለ። ኮሮላ ዲኤክስ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው፤ ከዲኤክስ ወዲህ የተሠራ መኪና በሙሉ ለሱ የልጅ መጫወቻ ነው። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ፎሌ ያደርግና፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው ያላቅቅና፣ ይለቃታል። «ነዳጅ መቆጠብ ነው» ይላል። ለልጆቹ አስተምሯል። እኔንም ሊያስተምረኝ ሞክሯል፤ ያውም ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ፣ የዓባይን በረሃ ስንወርድ።

ካርቡሬተር ባላት ዲኤክሱ ላይ ትንሽ እውነት ነበረው ይሆናል። ኢንጀክሽን ያላት መኪና ግን በማርሽ ሆና ስትወርድ፣ እግርሽን ከነዳጁ ላይ ስታነሺ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቤንዚን ራሷ ትቆርጣለች። ፎሌ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ቆጠብኩ ባዩ እያቃጠለ ነው። እሺ፣ ቤንዚኑ ይቅር። ፎሌ ላይ መኪናዋን የሚይዛት ፍሬን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ፍሬን ላይ ብቻ ሲወድቅ ሸራው ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ መርገጥ እንጂ መቆም የለም። ጭነት ካለማ አያድርስ ነው። ዓባይና ጣርማ በር ላይ ገደሉን እያየ ይህን ለልጅ የሚያስተምር ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ምክሩን አላከብርለትም። አጎቴ ይህን ቢያነብ ይቀየመኛል። ይቀየመኝ።

ስለ ፓርኪንግ ልጆች ብዙ አልልም። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ቀኝ ስበሪ፣ መልሺ፣ ነይ፣ ነይ…» ጓ! «በቃ!» ይቺ «በቃ» ሁልጊዜ ከ«ጓ» በኋላ ነው የምትመጣው። ከዚያ ደረሰኙን ቆርጦ እየሰጠኝ፣ በሐዘኔታ፣ «ቀስ በይ እንጂ እህቴ» ይለኛል።

የጎማ ንፋስም ያው ነው። ጎሚስታው ጋ አንዱ «30 አስሞይ» ሲል ሌላው «ለእኛ መንገድ 40 ነው» ይላል። ትክክለኛው ቁጥር የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይታያል። ከፋብሪካ ጀምሮ እዚያው ነው። ሲከራከሩ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ እንዲያውም አንደኛው ተደግፎታል።

ደግሞ «ስንት ገዛሻት?» የሚሉ አሉ። የፈለግሽውን ቁጥር ብትጠሪ መልሱ «ተበልተሻል» ነው። አንዱን ልፈትነው ብዬ ከከፈልኩት ላይ ግማሹን ብቻ ነገርኩት። «ውይ ተበልተሻል! ምናለ ለኔ ብትነግሪኝ» አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መካሪው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ጓደኛዬ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ኢንጀክተር የለ። ተገላገለች ብዬ ቀናሁባት። ብዙም ሳይቆይ ጀመሯት። «ዝናብ ላይ እንዳትነጂው፣ ይይዝሻል።» «ባትሪው ካለቀ መኪናውን ጥለሽው ነው የምትሄጂው።» «መብራት ሲጠፋስ?» (የመጨረሻው እንኳ ጥያቄ ነው።) ያ ባልደረባዬም አንድ ቀን አብሯት ሄዶ ነበር። ምን አላት መሰላችሁ? «መኪናሽ ድምፅ የላትም፤ ያስፈራል።»

አዎ፣ የኔዋ ቅጭ ቅጭ ነበረች የተነሳችው። ትናንት ደግሞ ገባ። ጆሮውን ጣል አደረገና «አሁን ተሻላት፤ አሳየሻት እንዴ?» አለኝ። ምንም አላስነካኋትም። ደክሞኝ ስለነበር «አዎ» አልኩት። ደስ አለው። «እኔ ባልነግርሽ ኖሮ» ብሎ ቀበቶውን አሰረ።

ቴርሞስታቷን ግን ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዝቼ፣ ሌላ መካኒክ ጋ ቆሜ አስገብቻታለሁ። ሰማያዊዋ መብራትም በጊዜዋ ትጠፋለች። ስንት እንደገዛኋት አልናገርም።