ባልበሉት የከፈሉ፣ ሳይከፍሉ የቀሩ

በአሜሪካ ስለ ቤት ብድር እፎይታ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ በየወሩ ሳያስተጓጉል የከፈለ ሰው ላልከፈለው ጎረቤቱ ዕዳ ምን ቤት ነው? ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2009 (ዓመታቱ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው) የቢዝነስ ቴሌቪዥን ጣቢያው የሲኤንቢሲ ዘጋቢ ሪክ ሳንቴሊ ይህንኑ ከቺካጎ የግብይት ወለል ላይ ሆኖ በጩኸት ጠየቀ። ጩኸቱም ቲ ፓርቲ የተባለውን የፖለቲካ እንቅስቃሴ ለማቀጣጠል ረዳ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕቁብ የጣለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕጣው ደርሶት ብሩን ወስዶ የተሰወረ ሰው ሲኖር ጉድለቱን የሚሞሉት የቀሩት ናቸው።

የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ጉግል ለሠራተኞቹ የሰጠውን የአክሲዮን ኦፕሽን፣ ማለትም አክሲዮኑን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት፣ በአዲስ ዋጋ ቀየረ። በ2007 መጨረሻ ከ700 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮን ወደ 300 ዶላር ገደማ ወርዶ ስለነበር፣ በከፍተኛ ዋጋ የተሰጡት ኦፕሽኖች ባዶ ወረቀት ሆነው ነበር። በማርች 2009 ወደ 7.6 ሚሊዮን የሚሆኑ ኦፕሽኖች አንድ ለአንድ ተቀይረው አዲሱ የመግዣ ዋጋቸው 308.57 ዶላር ሆነ። በምላሹ ሠራተኛው መብቱ እስኪጸናለት ተጨማሪ 12 ወር መጠበቅ ነበረበት። ኩባንያው ለዚህ የመዘገበው ወጪ 360 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ አክሲዮኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ600 ዶላር አለፈ። ያንኑ አክሲዮን ከገበያ በ600 ዶላር የገዛ ተራ ባለአክሲዮን «ዋጋህ ይስተካከልልህ» ያለው የለም፤ ጭራሽ ከወጪው ድርሻውን ተሸከመ። የጎረቤት ሞርጌጅ ላይ የተነሳው ዓይነት ጩኸት እዚህ ላይ አልተሰማም።

እፎይታ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ያው ችግር ደርሶበት የከፈለውን ሰው ምን አደረጉት?

የታክሱን ጉዳይ ላስቀድም፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። አይኤስኦ የሚባለው የኦፕሽን ዓይነት ለሠራተኛው አንድ ማባበያ አለው። አክሲዮኑን ኦፕሽኑ ከተሰጠበት ቀን 2 ዓመት፣ ከገዛበት ቀን ደግሞ 1 ዓመት ካቆየው በኋላ ሲሸጠው፣ ትርፉ የሚታሰበው በደመወዝ ሳይሆን ዝቅ ባለው የካፒታል ትርፍ ተመን ነው። ወጥመዱ ኤኤምቲ የተባለው ትይዩ የታክስ ስሌት ነው። አንዲት መሐንዲስ በ2 ዶላር የመግዣ ዋጋ 10,000 ኦፕሽን አላት እንበል። በ2000 መጀመሪያ ገበያው 80 ዶላር ሲደርስ 20,000 ዶላር ከፍላ ገዛች፤ ማባበያውን አምና አልሸጠችም። በመደበኛው ታክስ ዓይን ምንም ገቢ የላትም። በኤኤምቲ ዓይን ግን የ78 ዶላሩ ልዩነት በ10,000 ተባዝቶ የ780,000 ዶላር ገቢ ነው። የመጀመሪያው 175,000 በ26 በመቶ 45,500 ዶላር፣ የቀረው 605,000 በ28 በመቶ 169,400 ዶላር፣ በድምሩ 214,900 ዶላር። ደመወዟና መደበኛ ታክሷ ሲገቡበት ቁጥሩ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ መልኩ አይለወጥም፤ ከታክስ ነጻ የሚባለውም መጠን ገቢው እዚህ ሲደርስ ተሟጦ ያልቃል።

ኤፕሪል 2001 መክፈያው ሲደርስ አክሲዮኑ 5 ዶላር ቢሆን፣ ሁሉንም ብትሸጥ የምታገኘው 50,000 ነው። ዕዳዋ ከዚያ ከአራት እጥፍ በላይ። በኤኤምቲ ሂሳብ የ750,000 ዶላር ኪሳራ ደረሰባት ይባላል፤ ግን ሌላ የካፒታል ትርፍ ከሌላት ከደመወዟ ላይ በዓመት መቀነስ የምትችለው 3,000 ዶላር ብቻ ነው። የተከፈለው ኤኤምቲ እንደ ቅድሚያ ክፍያ ተቆጥሮ በፎርም 8801 ይመለሳል የሚል ማጽናኛም አለ። የሚመለሰው ግን መደበኛ ታክሷ ከኤኤምቲ ስሌቱ በሚበልጥበት ልክ ነው። ልዩነቱ በዓመት 6,000 ዶላር ቢሆን ሙሉውን ለማስመለስ ከ35 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሰው ባልበላው ዕዳ ሲጠየቅ ማለት ይህ ነው።

ማምለጫው አንድ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። ኦፕሽኑን በተጠቀመችበት ዓመት ከዲሴምበር 31 በፊት ብትሸጥ የኤኤምቲው ጉዳይ ይቀራል። በዲሴምበር ዋጋው 15 ዶላር ከነበረ፣ እንደ ደመወዝ የሚታሰብባት 130,000 ዶላር ብቻ ይሆናል፤ እሱንም ከሽያጩ በእጇ ይዛዋለች። ጥንቃቄ የሚፈልገው ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ አክሲዮን መልሶ አለመግዛት ነው፤ ከገዛች ይህ ገደብ ይፈርስና ታክሱ በ80 ዶላሩ ዋጋ ይሰላል። ለዚህ ነው አዋቂዎች አይኤስኦን በጃንዋሪ ተጠቀሙበት የሚሉት። ዓመቱን ሙሉ ዋጋውን ለማየትና በዲሴምበር ለመወሰን ጊዜ ይሰጣል። ኤኤምቲ የሚሰላበትን ፎርም 6251ን ከመግዛት በፊት መሙላት እንጂ በኤፕሪል መሙላት የሬሳ ምርመራ ነው።

እንግዲህ ኦክቶበር 3 ቀን 2008 የወጣው ሕግ፣ ያ ባንኮችን ለመታደግ 700 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደው፣ በሆዱ ሁለት ትንንሽ አንቀጾች ይዞ ነበር። አንዱ ከአይኤስኦ የመጣውንና እስከዚያ ቀን ያልተከፈለውን የቆየ የኤኤምቲ ዕዳ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ሰረዘ። ሌላው፣ ባንክ የማረውን የቤት ብድር ከገቢ ታክስ ነጻ የሚያደርገውን የ2007 ሕግ እስከ 2012 አራዘመ። የኦፕሽንና የሞርጌጅ እፎይታ በአንድ ፊርማ የጸደቁበት ቀን ነው።

የከፈሉትስ? ለእነሱ ሕጉ የተጠራቀመ የኤኤምቲ ክሬዲታቸው በየዓመቱ በግማሽ፣ ማለትም በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በጥሬው እንዲመለስላቸው ፈቀደ፤ አስቀድመው የከፈሉት ወለድና ቅጣትም ታከለበት። በእኔ ሚዛን ይህ ፍትሐዊ ነው ለማለት ይቻላል፤ የከፈለም ያልከፈለም ወደ አንድ ቦታ መጣ። ጉድለቱ ጊዜው ነው። ከ2001 እስከ 2008 ድረስ ቤቱን ሸጦ፣ የጡረታ ቁጠባውን አፍርሶ አይአርኤስን (የአሜሪካን የታክስ መሥሪያ ቤት) የከፈለ ሰው ብሩ ቢመለስለትም ቤቱ አልተመለሰለትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ወደ ቤቱ ዕዳ ስንመጣ ሰው የሚስተው ነገር ምሕረቱና ታክሱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው። ባንክ ከብድሩ 80,000 ዶላር ሲተው፣ አይአርኤስ ያንን እንደ ገቢ ይቆጥረዋል፤ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ፎርም 1099-ሲ በፖስታ ይመጣል። ነጻ ለመውጣት ፎርም 982 ተሞልቶ ከታክሱ ጋር መቅረብ አለበት። ወረቀቱን ችላ ያለ ሰው መብቱ እያለው የታክስ ደብዳቤ ይደርሰዋል። እስከ 2025 በተራዘመው በዚያ የ2007 ሕግ ነጻ ይወጣ የነበረውም ዋና መኖሪያን ለመግዛት፣ ለመሥራት ወይም በጉልህ ለማሻሻል የተወሰደው ዕዳ ብቻ ነበር፤ የሚከራይ ቤት አይገባበትም ነበር። ቤቱን ሪፋይናንስ አድርጎ (የድሮውን ብድር በአዲስ ብድር ተክቶ) በትርፉ መኪና የገዛ ወይም ክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ሌላ ችግር አለበት። ዕዳው 400,000 ሆኖ ከዚያ ውስጥ 100,000ው እንዲህ የወጣ ቢሆንና ባንኩ 120,000 ቢምረው፣ ምሕረቱ መጀመሪያ የሚቆጠረው በዚያ 100,000 ላይ ነው። በዚህ ሕግ ነጻ የሚሆነው 20,000 ብቻ። ለቀረው 100,000 ታክስ ላለመክፈል፣ ከምሕረቱ በፊት ዕዳው ከንብረቱ ይበልጥ እንደነበር፣ የጡረታ አካውንቱን ጨምሮ አስልቶ ማሳየት ይኖርበታል። በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲና በሰሜን ቨርጂኒያ በዚያ ዘመን ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን ሊያውቁት የሚገባ ልዩነት ነበር።

«ከመጠን በላይ የተበደረውን ሁሉ ማሩት» የሚለው ክስ ለዚህ ሕግ አይሠራም፤ ቤቱን እንደ ኤቲኤም የተጠቀመውን ለይቶ አስቀርቷል። እኔ የምቃወመው ጊዜያዊነቱን ነው። መጀመሪያ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር፣ ከ2021 እስከ 2025 ደግሞ እስከ 750,000 ዶላር የተፈቀደው ይህ መብት በየጊዜው ሲያልቅና ሲታደስ ኖሯል። የ2017ቱ የታደሰው በፌብሩዋሪ 2018፣ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። በ2017 ቤቱን ከዕዳው በታች የሸጠ ሰው የወሰነው ሕጉን ሳያውቅ ነበር ማለት ነው። ገምቶ የሸጠው ሲቀናው ፈርቶ የተወው ቤቱን በፎርክሎዠር (ባንክ በዕዳ ወስዶት) ያጣበት አሠራር ዕጣ እንጂ ፍትሕ አይባልም።

ወርሃዊ ክፍያን ስለማቃለል ደግሞ በ2009 ሁለት ፕሮግራሞች ተከፈቱ። ሃምፕ የቤት ክፍያን ወደ 31 በመቶ የገቢ ድርሻ ለማውረድ ነበር፤ ወለዱን እስከ 2 በመቶ፣ ካልበቃ ዘመኑን እስከ 40 ዓመት፣ ካልበቃም የዋናውን ከፊል ያለ ወለድ ወደ ኋላ መግፋት። 3 ወር ሙከራ ነበረው። ብልሽቱ እዚያ ነበር፤ ሰነድ ይጠፋል፣ እንደገና ላኩ ይባላል፣ ሙከራው ወራት ይጎተታል፣ በጎን የፎርክሎዠሩ ፋይል ይቀጥላል። ብድሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከዘገየ ክፍያ ቅጣት ስለሚያገኝ ለመቸኮል ምክንያት አልነበረውም። ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ቤተሰብ ይደርሳል የተባለው ከዚያ ግማሽ ገደማ ላይ ቀረ።

ሃርፕ ግን በተቃራኒው ክፍያውን ላላቋረጠ ሰው የተሠራ ነበር። የቤቱ ዋጋ ከዕዳው በታች የወረደበት፣ ብድሩ የቤት ብድሮችን ከባንኮች በሚገዙት በፋኒ ሜይ ወይም በፍሬዲ ማክ የተያዘ ሰው፣ ባንክ ባይቀበለውም በወቅቱ ዝቅተኛ ወለድ ሪፋይናንስ ያደርጋል። ዕዳው ከቤቱ ዋጋ እንዳይበልጥ መጀመሪያ የነበረው የ105 ከዚያም የ125 በመቶ ጣሪያ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ሲነሳ ፕሮግራሙ ተስፋፋ፤ እስከ 2018 ሲዘጋ ከ3 ሚሊዮን በላይ ብድሮች አልፈውበታል። ሳንቴሊ የጮኸለት ከፋይ የተጠቀመው በዚህ ነው፤ ቲቪ ላይ የጮኸለት ግን ብዙ አልነበረም።

የኦፕሽኑን ዋጋ መቀየር ከሁለቱ፣ ከታክሱና ከቤት ብድሩ እፎይታ፣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኦፕሽን መብት እንጂ ግዴታ የለበትም፤ ዋጋው ቢወርድ ባለቤቱ ከኪሱ የሚያወጣው ሳንቲም የለም። ባለቤቱ ዕዳ ላይ የወደቀው ታክሱ ሲመጣ ነው፤ ባለሞርጌጁ ደግሞ ከመጀመሪያው ተበዳሪ ነው። በእርግጥ በካሊፎርኒያ ለመግዣ በተወሰደ የመኖሪያ ብድር ባንክ ከቤቱ አልፎ የተበዳሪውን ደመወዝ መከተል አይችልም፤ ቁልፉን ጥሎ መሄድ ይቻላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ባንክ የጎደለውን ከተበዳሪው መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ምሕረት ለባለዕዳ ትርጉም አለው። ዕዳ ለሌለበት ሰው የሚሰጥ «ምሕረት» ግን ስጦታ ነው፤ ሰጪውም ባለአክሲዮኑ ነው።

ስጦታ አይሰጥ አልልም፤ ሠራተኛ እንዳይለቅ መደራደር የንግድ ሥራ ነው። ሰጪው ግን ይጠየቅ። ከ2003 ጀምሮ የኒውዮርክና የናስዳክ ገበያዎች ደንብ ኦፕሽንን በአዲስ ዋጋ መቀየር የባለአክሲዮን ድምፅ ይጠይቃል ይላል፤ የድርጅቱ የኦፕሽን ደንብ አስቀድሞ ከፈቀደ ግን አያስፈልግም። ጉግል ያለ ድምፅ ያለፈው በዚህ ነው። ኢንቴል በዚያው በ2009 የራሱን የኦፕሽን ልውውጥ ለባለአክሲዮኖች አቅርቦ አስጸድቋል፤ ከፍተኛ ኃላፊዎቹና የቦርድ አባላቱ ከልውውጡ ውጭ ነበሩ።

በየጸደዩ የድምፅ መስጫው ሰነድ ሲመጣ ብዙዎቻችን ሳናነብ እንጥለዋለን። ማየት የሚያስፈልገው ግን ሁለት ገጽ ነው። የአክሲዮን ደንብ ማጽደቂያው ላይ ቦርዱ ያለ ባለአክሲዮኖች ድምፅ የኦፕሽንን ዋጋ መቀነስ፣ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ወይም በሌላ መተካት ይችላል የሚል ሐረግ ካለ ተቃውሞ መስጠት። ልውውጥ ራሱ ለድምፅ ከቀረበ ደግሞ ሦስት ነገር ማየት፦ አንድ ለአንድ ነው ወይስ የድሮዎቹን የዛሬ ዋጋ ያህል ጥቂት አዲስ ይሰጣል፣ አለቆቹ ይካተታሉ ወይ፣ መብቱ እስኪጸና የሚጠበቀው ጊዜ እንደገና ይጀምራል ወይ። አንድ ለአንድ ከሆነና አለቆቹ ከገቡበት፣ እኔ ተቃውሞ ነኝ።